የሰፈሬ ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ስሜን ጠቁሞታል፤ ክርስቲያን ሆኜ ልግባበት ወይስ ልለፈው?

የአዌቱ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። የመካነ ኢየሱስ አባል ነኝ፤ በጉባኤያችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ አገለግላለሁ። ምክር የምፈልግበት ጉዳይ ስላለኝ ትንሽ አስረዝማለሁና ታገሡኝ።

ሰፈራችን ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። በልማት ምክንያት የሚነሱ ቤቶች አሉ፤ የካሳውና የምትክ ቦታው ነገር ሰዉን ሲያመላልሰው ከርሟል። አሁን ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ነዋሪውም የራሱን ሰው ይወክል ተባለ። ባለፈው እሑድ በእድር ስብሰባ ላይ ስሜን ጠሩት። የጠሩኝ ደግሞ አጥር የምንጋራቸው፣ እኛ አዴ የምንላቸው ሙስሊም እናት ናቸው። «የእድሩን ሣጥን ስምንት ዓመት ይዞ አንዲት ብር አልጎደለችበትም፤ ይኼ ልጅ ይግባልን» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ያደግሁት «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እየተባልኩ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ማታ ራት አቅርባ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «ስንቱ ገብቶበት እንዳልነበር ሆኖ ወጣ» ብላ ተነሣች። በጉባኤያችን ውስጥም ሁለት ዓይነት ምክር ገጠመኝ። አንድ አባት «ልጄ፣ የጌታን ሥራ ትተህ የቀበሌ ወረቀት ልትሸከም ነው?» አሉኝ። አንድ ወንድም ደግሞ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ «ግባ እንጂ! የኛ ሰው ውስጥ ሲኖር ነው የመቃብር ቦታችንና የጸሎት ቤታችን ጉዳይ የሚያልቀው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ምክር ይልቅ ሁለተኛው አስፈራኝ።

ሌላም አለ። በማግስቱ አንድ የማውቀው ሠራተኛ መንገድ ላይ አቁሞኝ የፓርቲ አባልነት ፎርም ሰጠኝ። «ብትሞላው ሥራው ይቀልልሃል» ብቻ ነው ያለኝ። ፎርሙ እስካሁን መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ።

የምጠይቃችሁ ስለ ፓርላማ አይደለም፣ ስለ አንድ ሰፈር ኮሚቴ ነው። ነገር ግን የሰው ቤት የሚፈርስበትና የሚተካበት ጉዳይ ስለሆነ ለኔ ትንሽ ነገር ሆኖ አልታየኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


ጸሎት ይቅደም
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ልጄ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አምስትን አልፏል። በ1967 ገና ጎረምሳ ነበርኩ። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እዚሁ ጅማ ከተማሪዎች ጋር እየጮኽኩ ጎዳና ወጥቻለሁ። ጭሰኛው መሬት አገኘ፣ ይህ የእግዚአብሔር ፍትሕ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ዛሬም ያ ደስታ ሐሰት ነበር አልልም። ነገር ግን ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ አብረውኝ ከጮኹት ልጆች አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ አንዳንዶቹ የገቡበት ሳይታወቅ ቀሩ። ሰው በስብሰባ መካከል ስሙ እየተጠራ ሲወሰድ አይቻለሁ። ከስም ጠሪዎቹ አንዱ አብሮኝ የሰንበት ትምህርት የተማረ ልጅ ነበር።

ኋላም ቤተ ክርስቲያናችን ታሸገች። የቡና ጆንያ በተደረደረበት ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ እየዘመርን ዓመታት አሳለፍን። እስከ ዛሬ የቡና ጆንያ ሲሸተኝ መዝሙር ነው የሚመጣብኝ።

ፖለቲካ ስትሉኝ ያ ልጅ ነው ፊቴ የሚደቀነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እናቱ እንጀራ አብልታኛለች። ገብቶ ነው የተለወጠው። አንተም ገብተህ እንደዚያ እንዳትሆን ነው ፍርሃቴ።


የቃሉ ተማሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

አባቴ፣ ያሳለፉትን አከብራለሁ። ከዚያው ዘመን ግን ሌላም ሰው አለ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ወንጌልን ከልማት፣ ነፍስን ከሥጋ ነጥሎ ማገልገል እንደማይቻል ስታስረዳ እሳቸው ከፊት ነበሩ። የተራበ ሰው አለ፣ ያልዳነ ሰውም አለ፣ ሁለቱም አንድ ሰው ነው የሚል ነበር ትምህርታቸው፤ እኔ እንደገባኝ። ደርግ ቤተ ክርስቲያንን የቅስቀሳው መሣሪያ ሊያደርጋት ሲፈልግ እምቢ አሉ። ከአገር ለመውጣት ዕድል ተሰጥቷቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ከአገልግሎት ሲወጡ ተወሰዱና ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው።

እሳቸው ፓርቲ አልገቡም። ከፖለቲካ ግን አልሸሹም። የስም ጠሪው ልጅና ቄስ ጉዲና በአንድ ዘመን የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸውና፣ ወንድማችን የሁለቱን መንገድ አይቶ ይወስን እላለሁ።


ዲያቆን ዘጅማ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

የኪዳን ጸሎት አድርሼ ስመለስ ነው ያነበብኩት። የሌላ ቤተ እምነት ልጅ ብሆንም ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካልና ልጻፍ።

መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ወንበር ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን እኛ ኦርቶዶክሳውያን በራሳችን አይተነዋል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗን ደንግጎ ነበር። ያኔ ትልቅ ክብር መስሎን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ባለ መሬት ነበረች፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሲወረስ የእሷም አብሮ ሄደ። ከመሬቱ በላይ የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ በኛ አካባቢ ብዙ ገበሬ ቤተ ክርስቲያንን መጀመሪያ ያወቃት በመስቀሏ ሳይሆን ከገዢ ጋር፣ ከግብር ሰብሳቢ ጋር አብራ ስትመጣ ነው። አያቴ ካህን ነበሩና ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እሳቸው ራሳቸው የነገሩኝ ነው። «ልጄ፣ ወንጌል ይዘን መጥተን እንደ ሹም ተቀበሉን፤ እኛም እንደ ሹም ተቀመጥን» ይሉኝ ነበር።

ወዳጅ ያልነው መንግሥትም ሲወድቅ አላዳነንም። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 አስሮ በ1971 ገደላቸው። ከላይ የተነሡት ቄስ ጉዲና በተገደሉበት ዓመት መሆኑ ነው። የፓትርያርኩም አፅም እንደ ቄስ ጉዲና በ1984 ነው የወጣው። ሁለት ቤተ እምነት፣ አንድ ገዳይ።

የምንመካባቸውን አባቶች ደግሞ ተመልከቱ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ፣ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ከኛ በስተ ምዕራብ ጎሬ ላይ በጣሊያን እጅ ወደቁ። የተጠየቁት አርበኞችን እንዲያወግዙና ለወራሪው እንዲገዙ ነበር። ሹመት አልፈለጉም፤ ሐሰት እንዲባርኩ ሲጠየቁ አንባርክም አሉ። ጎሬ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ይህ ነገር ያስቆመኛል።

በቀኖናችን ካህን ዓለማዊ ሹመት አይደርብም። ስለዚህ እኔን ቢጠሩኝ ኖሮ አልገባም ነበር። አንተ ግን ምእመን ነህ፣ ሒሳብ አዋቂ ነህ፣ ጎረቤቶችህ ጠርተውሃል። ዮሴፍ ካህን አልነበረም፤ የፈርዖንን ጎተራ ጠበቀ፤ ከዚያ ጎተራ የበላው ዕብራዊ ብቻ አልነበረም።

የፎርሙን ነገር ግን ቶሎ ከመጽሐፍ ቅዱስህ ውስጥ አውጣው።


ድርሻችን የት ነው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

ሁላችሁም በጣም ቆንጆ ተናገራችሁ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት እናቴን የቀበርኩ ሰው ነኝና እንደዚያ ረጋ ብዬ መናገር አልችልም።

ዲያቆን፣ እናንተ ከጥንት ጀምሮ በየደብሩ መቃብር አላችሁ። ሙስሊሙም አለው። እኛ ወንጌላውያን ግን እናት ስትሞትብን መጀመሪያ የምናስበው ለቅሶውን አይደለም፤ «የት?» የሚለውን ነው። ያለችን ቦታ ሞልታለች። አይሱዙ ተኮናትሬ፣ አስከሬኑን በዝናብ ጭቃ ለጭቃ ይዤ ከከተማ ወጥቼ ነው የቀበርኳት። መኪናው ሁለት ጊዜ ሰመጠ። ሣጥኑን በትከሻችን አወረድነው፣ ገፋነው፣ መልሰን ጫንነው። ማመልከቻ ካስገባን ዓመታት አልፈዋል፤ በሄድን ቁጥር «ፋይሉ አልተገኘም» ነው።

ቁጥራችን ትንሽ ነው። ውስጥ ሰው የሌለው ማኅበረሰብ ይረሳል። ሌላው ሁሉ የራሱን ሰው አስገብቶ የራሱን ሲያስጨርስ እኛ ብቻ «ክርስቲያን አያዳላም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ወንድሜ ሆይ፣ ግባ። ገብተህም የማን ልጅ እንደሆንክ አትርሳ።


የአዌቱ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ድርሻችን የት ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። የእናትህን ነገር ሳነብ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። እኔም ያየሁትን ልንገርህ።

አባቴ በ1986 ሲሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በክረምት ነው። አስከሬኑ ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት አደረ። ሽማግሌዎች አንድ መቃብር ወዳለበት ደጅ ተመላለሱ፤ «የኛ ሰው አይደለም» የሚል መልስ ይዘው ተመለሱ። ማን እንዳለ አልጽፍም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። እናቴ ሁለተኛው ሌሊት ላይ ማልቀሷን አቆመች፤ እኔን ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የአዴ ባለቤት፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ዶማና አካፋ አሸክመው ከአራት ልጆቻቸው ጋር መጡ። ከከተማ ወጣ ብሎ ቡና ነበራቸው። ከማሳው ጫፍ ከዋንዛው ሥር ቆመው ለእናቴ «እዚህ ይረፍ፣ ጎረቤቴ ነው» አሏት። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ከቀባሪው ውስጥ የኛ ጉባኤ ሰው ጥቂት ነበር፤ የቀረው ሁሉ የእድሩ ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ነው። ወንጌላዊው ሲጸልይ ሙስሊሞቹ ፈንጠር ብለው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። የጅማን አፈር ታውቁታላችሁ፣ ቀይ ነው፣ ሲዘንብ አይለቅም። ጫማዬ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እናቴ ለሳምንት እንዳልጠርገው ከለከለችኝ።

አሁን እድሩ ላይ ስሜን የጠሩት እኚያ አዴ ናቸው። እንግዲህ ገብቼ «የኛ ሰው» ብዬ ስቆጥር ከማን ልጀምር? እሳቸውን ከየትኛው ወገን አስገባቸዋለሁ? የእናትህ ጉዳይ ልክ ነው፣ መልስ ይገባዋል። በጓሮ በር ግን እኔ ላስገባው አልችልም ወንድሜ። እንደዚያ ካደረግሁ ነገ አንድ ሌላ ሰው በዚያው በር የአዴን ቤት ይዞባቸው ይወጣል።


የሕግ መምህር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

በአጭሩ ላስረዳ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ብዙ ሰው ይህን «ሃይማኖተኛ ሰው ፖለቲካ ውስጥ አይግባ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስሕተት ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተቋም ነው። አንቀጽ 38 ደግሞ ዜጋ በሃይማኖቱ ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ፣ በሕዝብ ጉዳይ የመሳተፍ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ አንተ ትገባለህ፣ ጉባኤህ ግን አብሮህ አይገባም። ጉባኤህ እሑድ ዕለት ከመድረክ «ለእገሌ ድምፅ ስጡ» ካለ መስመሩ ታልፏል፤ የምርጫ ሕጋችንም በአምልኮ ቦታ ቅስቀሳን ይከለክላል።

ስለ ፎርሙ፦ የመደራጀት መብት በአንቀጽ 31 አለ። መብት ስለሆነም አለመደራጀትን ይጨምራል። አምነህበት ብትሞላው ኃጢአት አይደለም፤ በፓርቲ ውስጥ ሆነው በቅንነት የሚሠሩ ክርስቲያኖችን አውቃለሁ። ሥራ እንዲቀልልህ ብቻ ብለህ ብትሞላው ግን ነዋሪው የወከለው ሰው መሆንህ እዚያው ላይ ያበቃል።

ስለ ካሳው፦ አንቀጽ 40 ንብረት ሲወሰድ ካሳው አስቀድሞ መከፈል እንዳለበት ይናገራል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በቅሬታ ሰሚው ያልረካ ሰው ይግባኝ አለው፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሩ። ምክንያት ያልተጻፈበት ውሳኔ ለባለ ጉዳዩ ይግባኝ የሚልበትን መሬት ያሳጣዋል።


የሒርማታ ነጋዴ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:10

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሙስሊም ነኝ፤ እዚሁ ጅማ በሒርማታ ገበያ ቅመማ ቅመም እነግዳለሁ። ክርስቲያኖች ስለ ራሳችሁ ስትመካከሩ ጣልቃ መግባት ይከብደኛል፤ ግን አዴ ስላላችኋቸው እናት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ የንግድ ቦታዬን ወረቀት ላስተካክል ቢሮ ስገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የኔው እምነት ሰው ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ይረዳኛል አልኩ። ሦስት ወር አመላለሰኝ፤ በመጨረሻ የሚፈልገውን በሰው በኩል አስነገረኝ። ወረቀቴን የጨረሰችልኝ በአንገቷ ማተብ ያሰረች ልጅ ናት፤ ቆጥራ ተቀበለችኝ፣ ፈርማ መለሰችልኝ፣ ስሜን እንኳ ለማስታወስ ጊዜ አልነበራትም። ለሷ እስከ ዛሬ ዱዓ አደርግላታለሁ።

በ2003 በአሰንዳቦ በኩል አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የሆነውን አልረሳሁም። ያፈርኩበት ቀን ነው። እናቴ፣ አላህ ይርሐማት፣ ከሸሹት ውስጥ አንዲት አራስ ቤታችን አስገብታ አጥሚት ስታጠጣት ነበር። እሳት የሚነሣው አንድ ቀን ብቻ አይመስለኝም። «የኛ ሰው፣ የነሱ ሰው» እየተባለ በየቢሮው ወረቀት ሲያዝና ሲለቀቅ ነው እንጨቱ የሚከመረው።

ወንድሜ፣ እንደ ክርስቲያንነትህ ግባ። ፈጣሪህን የምትፈራ ከሆነ እኔን ለመበደል ትፈራለህ። እኔ ካንተ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።


ከቢሮ የወጣሁ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:25

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። ስሜንም፣ ቢሮውንም አልናገርም። ስድስት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤ ፈርሚ ተብሎ መጣልኝ። ሁለት ገጽ ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽሑፉ ካበቃበት እስከ ፊርማው ድረስ አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ነበረ። ከታች አምስት ስም፣ አራቱ ፈርመዋል። «ይህ ባዶው ምንድን ነው?» አልኩ። «ኋላ የሚሞላ አለ» ተባልኩ። ስም የሚገባበት ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ከጥቂት ቀን በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የቤት ቁጥሯ በሌላ ሰው ስም ወጥቶባት ስታለቅስ አይቻታለሁና። አልፈርምም አልኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ያ ነው የከፋው፤ ዝም አሉኝ። ሻይ ሲጠጡ አይጠሩኝም፣ ፋይል ሲጠፋ እኔ እጠየቃለሁ። በአምስተኛው ወር ለቀቅሁ።

ጉባኤዬ ውስጥ ምስክርነት ሰጠሁ። «እኅታችን ለማመቻመች እምቢ አለች» ተብሎ እልልታ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፤ ንጹሕ እጅ ይዤ ወጣሁ አልኩ። ከዓመት በኋላ ያቺን ሴት መርካቶ አገኘኋት። ተከራይታ ጎመን ትሸጣለች። በኔ ቦታ የገባው ልጅ በገባ በሳምንቱ ፈርሞ ነበር። ያወቀችኝ አልመሰለኝም፤ ጎመኑን ጨምራ ሰጠችኝ። ቤቴ ገብቼ ጎመኑን መቀንጠስ አቃተኝ።

መውጣቴ ትክክል እንደሆነ ለዓመታት ለራሴ ነግሬአለሁ። አሁን ግን እንዲህ እላለሁ፤ አለመፈረሜ ልክ ነበር፣ ቶሎ መውጣቴ ግን ለኔ እንጂ ለሷ አልጠቀማትም። ናቡቴ ወይኑን የተቀማው አክዓብና ኤልዛቤል ክፉ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። በኤልዛቤል ደብዳቤ መሠረት ጉባኤ የጠሩ የከተማይቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ እንኳ «ይህ ደብዳቤ ሐሰት ነው» ብሎ እዚያው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ከገባህ እነዚህን ያዝ። ባዶ ቦታ ያለበት ቃለ ጉባኤ አትፈርም፤ ባዶውን በእስክሪብቶ ሰያፍ መስመር አስምርበትና ከዚያ ፈርም። የተለየ ሐሳብ ካለህ «በልዩነት» ብለህ እዚያው ላይ ጻፍ። የገባውን ማመልከቻ ሁሉ ቀኑንና ቁጥሩን በራስህ ደብተር መዝግብ። የጉባኤህ አባል ወይም ዘመድህ ሲቀርብ ከክፍሉ ውጣ፤ መውጣትህም ይጻፍ። ባለ ጉዳይ ቡና ልጋብዝህ ካለ ጾም ይዤአለሁ በል፤ ባትጾምም እንኳ ያን ቀን ጹም፣ እንዳትዋሽ። ብቻህን አትሁን፣ ከኮሚቴው ውስጥ አንድ እንደ አንተ የሚፈራ ሰው ፈልግ። ሙስሊም ይሁን ኦርቶዶክስ ግድ የለም። እኔን የጣለኝ ብቸኝነቱ ነው።


ጸሎት ይቅደም
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12:45

ልጄ፣ ከቢሮ የወጣችውን እኅታችንን ጽሑፍ ሌሊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የስም ጠሪውን ልጅ ሳስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ስሙ በስብሰባ የተጠራው ልጅ ሲነሣ፣ እኔ ሁለት ወንበር ከኋላው ነበርኩ። ዝም አልኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያን ልጅ ስወቅስ የራሴን ዝምታ ጸሎት ብዬ ጠርቼዋለሁ።

መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው። ጭፍሮቹንም በማንም ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ሥራችሁን ጣሉና ወደ በረሃ ኑ አላላቸውም። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ እንዲህ አልገባኝም ነበር።

ግባ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ የጉባኤውን ገንዘብ ያዥነት ለሌላ ሰው አስረክብ፤ ሁለት ሣጥን አንድ ሰው እጅ ላይ አይሁን። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ እጾምልሃለሁ።


ድርሻችን የት ነው
ዓርብ፣ ከቀኑ 6:30

ስለ አባትህ አላውቅም ነበር። ይቅር በለኝ።

ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። አንተ ከክፍሉ ትወጣለህ፣ ጥሩ። የኛን ማመልከቻ ታዲያ ማን ያንሣው? ከእናቴ በኋላ ሁለት ሰው ቀብረናል።


ዲያቆን ዘጅማ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:10

ጥያቄህ እውነተኛ ነው። እኔም ላይ ይወድቃል። በ1986 «የኛ ሰው አይደለም» ብሎ የመለሰው ደጅ የማን እንደሆነ ወንድማችን አልጻፈም፤ እኔ ግን የኛ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። በጥር 2015 በወሊሶ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ ሲባል፣ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሰን ስንጾም፣ «ሕግ ይከበርልን» ብለን ነበር የጮኽነው። ሙስሊም ጎረቤቴ ምን ሆናችሁ ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ «አላህ ያስታርቃችሁ» አለኝ። ለራሴ የጮኽኩትን ለናንተ መቃብር ዝም ልል አልችልም። ማመልከቻው ላይ እኔ በግሌ እፈርማለሁ፤ የእድሬንም ሰዎች አናግራለሁ።


የአዌቱ ዳር (ውይይቱን የከፈተ)
ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገብቻለሁ።

ፎርሙን ለሰጠኝ ሰው ሳልሞላው መለስኩለት። «ነዋሪው ነው የላከኝ፣ እንደዚያው ልሥራ» አልኩት። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ባለቤቴ አሁንም ትፈራለች፣ እኔም እፈራለሁ። የጉባኤውን ሣጥን አስረክቤ ተፈራርመናል።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች አየን። ስም በወረቀት ሸፍነን በቁጥር እንድናይ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁለቱ ሳቁ፤ አንድ ጡረታ የወጡ ሙስሊም መምህር ግን «ልጁ ልክ ነው» ብለው ራሳቸው ወረቀት መቁረጥ ጀመሩ። በአራተኛው ፋይል ላይ የቤቱ ስፋት በልኬት ወረቀቱ 84 ካሬ ሜትር ሆኖ በካሳ ማስሊያው 48 ተብሎ ገብቷል። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ሁለት አኃዝ ቦታ ሲቀያየር ቶሎ ይታየኛል። ተንኮል ይሁን ስሕተት አላወቅንም፤ አልፈረድንም። እንዲስተካከል ከነምክንያቱ ጻፍን። ባዶውን ቦታ ሰያፍ አሰመርኩበት፤ መምህሩ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቁኝና እሳቸውም በራሳቸው ቅጂ ላይ አሰመሩ። ከቢሮ የወጣሽው እኅቴ፣ ያን መስመር ሳሰምር አንቺን አሰብኩሽ።

የባለ ቤቱን ስም ያየሁት ከፈረምን በኋላ ነው። አላውቀውም። ሃይማኖቱንም ከስሙ መለየት አልቻልኩም።

ድርሻችን የት ነው፣ የመቃብሩ ጉዳይ የኛ ኮሚቴ ሥልጣን አይደለም፤ ለማዘጋጃ ቤቱ የሚቀርብ ነው። ማመልከቻውን በአዲስ መልክ ጻፉት፣ ቁጥር አሰጡት፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ በእጃችሁ ያዙ። የጉባኤው ማኅተም ብቻውን አይሁን፤ የእድሮቹም ይኑርበት።


የሒርማታ ነጋዴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

እድር ካላችሁ እኔ ያለሁበት አለ። ሦስት መቶ አባወራ ነን፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለን። ለሠርግ ሁለት ድንኳን ለሁለት ሥጋ እንጥላለን፣ ለለቅሶ ግን አንድ ድንኳን ነው ያለን። ወንጌላዊ ጎረቤታችን ሲሞት ሣጥን የምንሸከመው እኛ ነን፣ መንገዱ ሲርቅ የኛም ትከሻ ነው የሚጎዳው። ሰብሳቢውን አነጋግሬዋለሁ፣ ማኅተም ያደርጋል። ማመልከቻውን ሐሙስ ይዛችሁ ሱቅ ኑ።


ድርሻችን የት ነው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ዲያቆንም አብሮኝ ይመጣል፤ ደውሎልኛል።